አምስቱ ቮልት የት ገባ?

ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን በአንዲት ደንበኛ ትከሻ ላይ ዘርግታ ቁጥሩን እያነበበች ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሸጎጠችው። የደወለው የታናሽ ወንድሟ ረዳት ነበር፤ ወንድሟ በሚነዳው አውቶቡስ ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ሰውዬ።

«እትዬ፣ ቁጭ ብለዋል?» አላት።

ቆማ ነበር። «አዎ» አለችው።

ሰውዬው ሁሉንም በተራ ነገራት። ወንድሟ ጠዋት አውቶቡሱን መነሻው ላይ አቆመ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። ሾፌሩ ደክሞት ያሸለበ የመሰለው ተሳፋሪ አልቀሰቀሰውም። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ሕይወቱ አልፎ ነበር። ረዳቱ ምንም አልዘለለም፤ ፍሬኑን እንኳን አልዘለለም።

ስልኩ ሲዘጋ ሜትሩ አሁንም ደንበኛዋ ትከሻ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ያነበበችውን ቁጥር ጮክ ብላ ተናገረች፤ ሜትሩን ጠቅልላ አንገቷ ላይ አደረገችና «ይቅርታ፣ ዛሬ መቁረጥ አልችልም። ወንድሜ ሞተ» አለች። ቀድማ ያለቀሰችው ደንበኛዋ ናት።

ሟቹ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር። በር ሲከፍትም ሲዘጋም «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ማለት ስለሚያበዛ፣ በመስመሩ የሚመላለሰው ሰው ሁሉ «ቀስ በሉ» እያለ ይጠራው ነበር። አነዳዱም እንደ ስሙ ነው። የቸኮለ ተሳፋሪ «አንተ ሰውዬ፣ በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር!» ብሎ ሲጮህበት በሩን ከፈት ያደርግና «መንገዱ ክፍት ነው ወንድሜ፤ ቀድመህ ድረስና ቦታ ያዝልን» ይለዋል። አውቶቡሱ በሳቅ ይሞላል፤ የተቆጣውም ሰው ሳይወርድ ይቀራል። ትዳር አልያዘም። የሚኖረው ከእናቱ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ክፍሎች ፊት ለፊት ቆመዋል፣ አንዱ የእናቱ፣ አንዱ የሱ፤ በመካከላቸው ድንጋይ የተነጠፈበት መተላለፊያና ልብስ የሚሰጣበት ገመድ አለ።

የእናትየው ጆሮ እየከዳት ከሄደ ቆይቷል። ፊት ለፊቷ ቆሞ ጮክ ብሎ ያልተናገረ ሰው ለሷ እንዳልተናገረ ነው። የውጭውን በር ማንኳኳት ከንቱ ድካም ሆነ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው አንኳኩቶ አንኳኩቶ ይመለሳል። ልብስ ሰፊዋም አንድ ቀን በዝናብ ስታንኳኳ ቆይታ ጫማዋ ውሃ ሲጠጣ በጎረቤት አጥር ዞራ ገብታለች፤ እናቷ ደግሞ በርጋታ ተቀምጣ የተቀደደ ካልሲ ትሰፋለች፤ ቀና ብላ «ምነው፣ ጃንጥላ የለሽም?» ነው ያለቻት።

ቀስ በሉ ይህን ሲሰማ ነው ኤሌክትሮኒክስ ልማር ብሎ የተነሳው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው የተቃጠለ አምፖል መቀየር ብቻ ነበር። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። የውጭው በር ላይ መጥሪያ ይኖራል። ሰው ሲጫነው በእናትየው ክፍል ውስጥ ነጭ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከወንበሯም ስር ከአሻንጉሊት መኪና የተፈታ ሞተር ይንዘፈዘፋል። እንቅልፍ ቢወስዳት እንኳን ወንበሩ ይቀሰቅሳታል። መብራቱንና ሞተሩን የምታዝ፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለች። ሁሉም የሚመገቡት ከአንድ የስልክ ቻርጀር ነው፤ አምስት ቮልት።

በየእሑዱ ለእህቱ ይደውልላት ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ በመጨረሻ ግን ወሬው ወደዚያው ይመለሳል።

«እሺ ኢንጂነር፣ ዛሬስ?» ትለዋለች።

«ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ንጉሥ ይሠራል። እማዬ ክፍል ስወስደው ይሽኮረመማል።»

«እንግዳ ፊት ማፈሩን ካንተ ወርሶ ነዋ።»

«አትቀልጂ እንጂ እትዬ። አንዴ ብልጭ ይላል፤ ሞተሩ ሊነሳ ሲል ሁሉም ድርግም። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቴስተሬን ይዤ ለካሁ፤ እማዬ ክፍል ድረስ አምስት ቮልት ሙሉውን ደርሷል። ከደረሰ ታዲያ ምን ይዞት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። የኔ ዕውቀት መርፌ ድረስ ነው።»

«ግድ የለም፣ አንቺ ብቻ ስሚኝ። ሳወራልሽ ይገለጥልኝ ይሆናል።»

ሳይገለጥለት ሞተ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ እንግዳው ሁሉ ሄዶ እናትየው፣ ልብስ ሰፊዋና ታላቅ ወንድሟ ብቻ ሲቀሩ፣ ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። የቢሮ ሰው ነው፤ ነገር ከመናገሩ በፊት መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ይወዳል።

«እማዬን ወደኔ እወስዳታለሁ» አለ። «ክፍል አለን። ልጆቹም አሉ።»

እናትየው ከንፈሩን ስታይ ቆይታ ገባት። «ፎቅ ላይ? እንደ ተሰጣ ልብስ በረንዳ ላይ ተንጠልጥዬ ልኖር?»

«እማዬ፣ እዚህ ማን አለሽ? ሰው በር ላይ ቢቆም አትሰሚ። ብትወድቂ የሚያነሳሽ የለ። እስከ ዛሬ እሱ ነበር።»

«እዚህ ቤቴ አለ» አለች እናትየው። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ዓይኗን ስታዞር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ የማታየውን ሰው አትሰማም ማለት ነው፤ ጨርሻለሁ ማለቷ ነው።

«ጋሼ፣ መብራቱን እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የቱን መብራት?»

«የሱን። እኔ ስፌት መኪናዬን ይዤ እሱ ክፍል እገባለሁ። ቀን ቀን ደንበኞቼ ጋ መውጣቴ ስለማይቀር መብራቱ ከሠራ ሰው ሲመጣ ታውቃለች፤ ጎረቤትም ብቅ እያለ ያያታል።»

ታላቅ ወንድሟ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «እሱ ያቃተውን አንቺ?» አለ። ንቀት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም ነበር» አለች። ይህን ማወቅ አትችልም፤ ብላው ግን ተገኘች።

በመጨረሻ ተስማሙ። ታላቅ ወንድሟ የራሱን ቤት ቀለም አስቀብቶ የእናቱን ክፍል ሲያሰናዳ መኪና ይዞ ይመጣል። መጥሪያውን ሲጫን እናታቸው ራሷ መጥታ ከከፈተችለት እዚሁ ትቀራለች። ካልከፈተች ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ማንም አያጉረመርምም።

«ምንድነው የምታወሩት?» አለች እናትየው ድንገት ዞር ብላ። «ስለኔ ነው አይደል?»

«ስላንቺ ነው!» አለ ልጇ ጮክ ብሎ።

«ስለኔ ከሆነ እንደሱ ጮክ በሉ፤ እኔም ልስማው እንጂ!»

ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋን ወንድሟ ክፍል አስገባች። ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የሥራ ሸሚዙን አላወረደችውም። ጠረጴዛው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ሰሌዳዋም፣ መብራቱም፣ ሞተሩም ከሱ ጋር ተያይዘዋል። ከጎኑ ቀይና ጥቁር ጅራት ያለው ቴስተር። አጠቃቀሙን በስልክ ነግሯታል፤ ያኔ ለቀልድ ያህል ነበር የሰማችው። ማዞሪያው ሃያ ቮልት ላይ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ፣ ቀዩ ከቀዩ።

መጀመሪያ ያደረገችው እሱ ያደረገውን መድገም ነው። ቻርጀሩን ሰካች፤ ቆርቆሮውን በአጭር ገመድ አገናኘች፤ ገና በሩ ላይ ያልተገጠመውን የመጥሪያ ቁልፍ ተጫነች። መብራቱ ቦግ አለ። ሞተሩ ጠረጴዛውን ሲያንዘፈዝፈው መቀሷ እየተንሸራተተ ሄዶ መሬት ወደቀ። እውነትም እንደ ንጉሥ።

ከዚያ ቆርቆሮውን አቅፋ ግቢውን ተሻገረች። እናቷ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ የገመድ ጫፍ ብቅ ብሏል። ቻርጀሩ እዚያ ማዶ እሱ ክፍል ውስጥ ሆኖ ኃይሉ በዚህ ገመድ ይመጣል። አገናኘችና ቁልፉን ተጫነች። መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ። ሞተሩ ከአልጋ ሊነሳ እንዳሰበ ሰነፍ ትንሽ ተነቃነቀ። መብራቱ ደበዘዘ፤ ሰሌዳዋ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ጠፋች። መልሳ በራች። ብልጭ። ጠፋች።

«ምን ሆነ?» አለች እናቷ።

«አፈረ።»

«ምን?»

«አፈረ!»

«ማንን? እኔን?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ራሷም ሰማችው። ቆርቆሮውን አላቀቀችና የገመዱን ጫፍ በቴስተሩ ለካች። አምስት። ሙሉ አምስት። ከደረሰ ታዲያ ምን ይዞት ነው?

እንግዲህ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ጥያቄው የሷ ሆነ። እናቷን ከፎቅ ለማዳን ብላ የጀመረችው ነው፤ አሁን ግን ሌላም ነገር ተጨመረበት፤ ማወቅ ፈለገች። ልብስ ላይ ሲሆን ታውቀዋለች፤ የሆነ ቦታ ሲሸበሸብ ስፌቱን እየተከተለች ትሄዳለች እንጂ ጨርቁን አትሰድብም። ሞተሩን ለብቻው አላቀቀችው፤ መብራቱ ፈዘዝ ቢልም አልጠፋም። ሞተሩን መለሰችው፤ ድርግም። ሆዳሙ ሞተሩ ነው አለች። ግን ጠረጴዛው ላይስ ያው ሞተር አይደል?

መንገዱ ጥግ ላይ ራዲዮ ጠጋኝ አለ፤ ሱቁ ሰው ቆሞ ካልሆነ የማያስገባ ጠባብ ነገር ነው።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ» አላት። «ደንበኛዬ ነበር። አንድ ነገር ገዝቶ ሦስት ነገር ጠይቆ ነው የሚሄደው። መልሱ ካልጣመው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።»

ሁሉንም ነገረችው። ጭንቅላቱን አከከ። «ቻርጀሩ ደካማ ሳይሆን አይቀርም። ስልክ መሙላት ሌላ፣ ሞተር ማስነሳት ሌላ። ይህን ይሞክሩት፤ ጉልበት አለው። ካልሆነ ይመልሱልኛል።»

ሞከረችው። ጠረጴዛው ላይ ንጉሥ፣ እናቷ ክፍል ዓይን አፋር። ቻርጀሩን መለሰች። «እንዲያ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው» አለ ጠጋኙ፤ እሱንም ማወቅ እያማረው መጣ። «የተገኘ ነገር ካለ ንገሩኝ እሺ? እንዳይረሱኝ።»

መልሱ የተገኘው ከጎረቤት ቀሚስ ላይ ነው። አጥሯን አሻግራ ያስገባቻት ጎረቤት ነርስ ናት፤ ለሥራ የምትለብሰውን ቀሚስ ልብስ ሰፊዋ ሰፍታላት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለብሳው መጣች።

«እህቴ፣ ይኼ ቀሚስ አሽሟጣጭ ነው» አለች። «ስቆም አቤት ማማሩ! በሽተኛ ልወጋ ጎንበስ ስል፣ ስቀመጥ፣ ወገቤ ላይ ሊተረተር ይደርሳል።»

«ቆመሽ ስለለካሁሽ ነዋ። ጥፋቱ የኔ ነው። በይ ቁጭ በይ፣ ቁጭ እንዳልሽ ልለካሽ።»

ነርሷ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረች፤ ከዚያ እጇ እዚያው ቀረ።

«ምነው? ያን ያህል ወፍሬያለሁ?»

«አይ። አንቺ አይደለሽም።» ሜትሩን ነርሷ ወገብ ላይ እንደተወችው ተነሳች። «እኛም የለካነው ቆሞ ነው።»

«ማን ቆሞ?»

እሱም እሷም የገመዱን ጫፍ የለኩት ምንም ሳይሸከም ነበር። ቆርቆሮው ተላቅቆ፣ ሞተሩ ተኝቶ። ምንም የማይሠራ ሰው መቼም አይደክመው። መለካት ያለበት ሞተሩ እየጎተተ ሳለ ነው።

ቁልፉን አሁን የውጭው በር ላይ ስለገጠመችው ግን ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ መጥሪያውን የሚጫን፣ ሌላው ቴስተሩን የሚይዝ። ነርሷ ተረኛ ስለነበረች ሄደች፤ የቀረችው እናትየው ናት። ልብስ ሰፊዋ በምልክትም በጩኸትም አስረዳቻት፤ ቀይ ሻርፕ በመስኮት ሳውለበልብ ተጫኚ፣ ሻርፑ ሲገባ ልቀቂ። እናትየው ነጠላ ጫማዋን ቀይራ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ እንግዳ ሊቀበል እንደሚወጣ ሰው ወጣች።

ሻርፑ ወጣ። እናትየው ተጫነች። ሻርፑ ገባ። አልለቀቀችም። ጭራሽ በሁለት እጇ ያዘችው። «እየተጫንኩ ነው!» ትላለች በግቢው ውስጥ እያስተጋባች። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ «እማማ፣ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» አላት፤ ከንፈሩን አይታ «ያለሁት እኔው ነኝ፤ ራሴን እየጠራሁ ነው!» ብላ መለሰችለት።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ዓይኗ ግን ቴስተሩ ላይ ነው። ቁጥሩ አምስት ላይ ነበር። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ወደ ሦስት ተኩል ወረደ፤ አረንጓዴዋ ነጥብ ጠፋች። ሰሌዳዋ ስትጠፋ ቁጥሩ ተመልሶ አምስት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ክፍል ሮጠች፤ እናቷ አሁንም እየተጫነች ነው፤ የቻርጀሩን መውጫ ለካች። እዚህ ቁጥሩ ምንም አልተነቃነቀም። እዚህ አምስት እየገባ እዚያ ሦስት ተኩል ይወጣል። ቻርጀሩ አልደከመም፤ ሞተሩም አልሰነፈም። መንገድ ላይ የሚቀር ነገር አለ።

መንገዱ ደግሞ ገመዱ ነው። እንደ ስፌት በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ከወንድሟ ክፍል በመስኮቱ ስር ወጥቶ፣ በአጥሩ ጥግ ዞሮ፣ እናቷ ክፍል ገብቶ በግድግዳው ላይኛ ጠርዝ ይሄዳል። ዓይን አያየውም፤ ጣት ብቻ ነው የሚያገኘው። እንደ ክር ቀጭን ነበር። ወንድሟ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ልጦ፣ በየቦታው ቀጥሎ፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ናስትሮውን ሳይቀር የግድግዳውን ቀለም ቀብቶታል። አንድም ጠብታ ወደ ጎን አልፈሰሰም። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በጥሩ ስፌት ላይ ካልሆነ አይታ አታውቅም።

«እማዬ፣ ይኼን ያህል ያቀጠነው ለምንድነው?» አለች፣ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ።

እናትየው ገመዱን አየችው፤ የምታየው ገና አሁን ነበር። «መጀመሪያ ወፍራም ጥቁር ነገር አምጥቶ ነበር» አለች። «ቤቴን አስቀብቼ ሳምንት አልሞላኝም። ግድግዳዬ ላይ እባብ አታዙርብኝ አልኩት። ሳቀ። በማግስቱ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ቆሞ ዋለ፤ ሲወርድ ምንም አልነበረም። ተወው ብዬ ነበር ያሰብኩት።»

«ቻርጀሩስ? እዚህ ሶኬት እያለልሽ ለምን ከዚያ ማዶ?»

«እኔ እንጃ። ትነቅልብኛለች ብሎ ይሆናል። ከመተኛቴ በፊት ሁሉንም ነው የምነቅለው። ሰው እንዴት እሳት ሰክቶ ይተኛል?»

ሁለቱም ቆመው ግድግዳውን አዩ። እናትየው እጇን ዘርግታ በቀለሙ ስር ያለውን ገመድ በአንድ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠሩም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ቀላሉን መንገድ ሞከረች። ቻርጀሩን እናቷ ክፍል ሰካችው፤ ክንድ የማትሞላ ገመድ ብቻ። በሩ ላይ ሆና ተጫነች፤ ከውስጥ «ወንበሬ! ወንበሬ ነዘረኝ!» የሚል ጩኸት ሰማች። ጩኸቱ የደስታ ነበር። እናትየው ወጥታ ከፈተች፤ መልሳ ገብታ «እስኪ ድገሚው» አለች፤ ደግማ ከፈተች። ይህን ሶኬት እንደማትነካው በቤቷ ምላ ተገዘተች።

በነጋታው ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ክር ገዝታ ስትመለስ ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። በነርሷ አጥር ዞራ ገባች።

«ነቀልሽው?»

«እኔ? ኧረ በፍጹም!» እናትየው ዘወር ስትል ቻርጀሩን አየችው፤ ገመዱ እንደ ክር ጥቅል ተጠቅልሎ፣ በንጹሕ መሐረብ ላይ፣ በሥርዓት ተቀምጧል። «እጄ ነው» አለች። «እኔ ምኑንም አላወቅሁም። እጄ ነው የነቀለው።»

ልብስ ሰፊዋ አልተቆጣቻትም። ወንድሟ የሚያውቀውን እሷም አሁን አወቀች፤ የዕድሜ ልክ እጅ በመሐላ አይያዝም። ቻርጀሩ ማዶ መሆን አለበት፤ ገመዱ ደግሞ ወፍራም።

ጠጋኙ ጋ ሄዳ የሆነውን ስትነግረው ሱቁ ጠባብ ባይሆን ይዘል ነበር። «መንገዱ በላው በሉኛ! አዩ፣ ቀጭን ገመድ ባዶውን ሲሆን ምንም አይልም፤ ጭነት ሲመጣ ነው የሚበላው። የበሩ መጥሪያ ገመድ ቀጭን ቢሆን ግድ የለውም፤ እሱ መልእክት እንጂ ጭነት አያመላልስም። ይኼኛው ግን ወፍራም ይፈልጋል።» ወፍራም ገመድ ቆርጦ ሰጣት፤ መጋጠሚያ እንዳይኖረው አንድ ወጥ አደረገላት። «እሱ ቢኖር ኖሮ፣ ይኼን መልስ ሦስቴ ተመልሶ ያጣራው ነበር» አለ።

ገመዱ ጥቁር ነው፤ የትንሽ ጣት ያህል ይወፍራል። እናትየው ስታየው ከንፈሯን ጨመቀች። ልብስ ሰፊዋ ከትራፊ ጨርቆቿ መካከል የተለያየ ቀለም አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችላት።

«ምንድነው ይኼ?»

«ለገመዱ እጅጌ ልሰፋለት ነው። ቀለሙን ምረጪ!»

እናትየው እያንዳንዱን እያነሳች ግድግዳው ላይ እየለካች አየች። ግድግዳውን የሚመስለውን ትመርጣለች ብላ ልብስ ሰፊዋ ጠብቃ ነበር። እናትየው ግን ሰማያዊውን አነሳች። «ይኼ ይሁን» አለች። «መደበቁ ይብቃው፤ ይታይ።»

ልብስ ሰፊዋ ረጅም ቀጭን እጅጌ ሰፋች፤ በሕይወቷ የሰፋችው ረጅሙ እጅጌ ነው። ነርሷ መጥታ «ለማነው? ለቀጭኔ?» አለች። ገመዱን አስገቡበትና ወንበር ላይ ቆመው በግድግዳው ጠርዝ አሳለፉት፤ ግቢውን የሚሻገረውን ግን ጠጋኙ በሰጣት የፕላስቲክ ቱቦ ከተቱት። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ሞተሩ እየተንዘፈዘፈ ለካች። ለአምስት ትንሽ ፈሪ። አረንጓዴዋ ነጥብ አልጠፋችም።

ታላቅ ወንድም የመጣው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሁለት ባዶ ሻንጣ መኪናው ውስጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ክፍል ሆና በመስኮት አየችው። አልወጣችም። እናቷ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ በእጇ ካልሲ፣ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓታል። ልብስ ሰፊዋ ከእንግዲህ የምትሠራው ነገር የለም።

ተጫነ። በእናትየው መስኮት ነጩ ብርሃን ብልጭ አለ፤ ደግሞ ብልጭ። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። እናትየው አንገቷን አቃናች፣ ካልሲውን አስቀመጠች፣ ተነስታ ወጣች።

«አንተ ነህ?» አለችው በሩን ከፍታ። «አንዴ ከተጫንክ ይበቃል። ወንበሬን ልትገለብጠው ነው እንዴ?»

ታላቅ ወንድም አላመነም። ተመልሶ ወጣ፤ በሩን ዘጋ፤ ቆይቶ ተጫነ። ተከፈተለት። «አሁን በመስኮት አይተሽኝ ነው» አለ። እናትየው ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ወጥቶ እንደገና ተጫነ። ተከፈተለት። በመጨረሻ እናትየው «ልጄ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ! ሰው ያየናል!» ብላ ጎትታ አስገባችው።

ወንበሩ ስር ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አየ። ቆርቆሮውን ከፍቶ አየ። በሰማያዊው እጅጌ ላይ ጣቱን እየጎተተ እስከ ጥጉ ሄደና እዚያ ቆመ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መጥረጉ ከወትሮው ረዘመ።

«ስህተቱ ምን ነበር?» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠ።

«ገመዱ ቀጥኖ ነበር።»

«ይኼው ብቻ?»

«ይኼው ብቻ። ግድግዳዋ እንዳይበላሽባት ብሎ ነው።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቁጭ አለ። ከዚያ እንደ ቢሮ ሰው ጥያቄውን አነሳ። «መብራት ሲጠፋስ?»

ልብስ ሰፊዋ ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። «ሲጠፋ አይሠራም» አለች።

«ታዲያ?»

«ባትሪ ያስፈልገዋል። ጠይቄያለሁ። ባትሪ እንዲሁ አይገናኝም፤ የሚሞላውና ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቀው ነገር አብሮ መግባት አለበት። እሱን ገና እየተማርኩ ነው።»

ታላቅ ወንድም እናቱን አየ። እናትየው ከንፈራቸውን ስትከታተል ቆይታለች፤ አሁን ግን ዓይኗን ወደ መስኮቱ አላዞረችም፤ ልጇን ፊት ለፊት ታየዋለች።

«እሺ፣ ትቆይ» አለ። «ባትሪው ግን ይግባ።»

ሻንጣዎቹን ከመኪናው ሳያወርድ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ቤት ካለች፣ ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን እንደያዘች ግቢውን ተሻግራ እናቷ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ሥራ ወጥታ ከሆነ ነርሷ ገብታ ታያታለች፤ ነርሷም ተረኛ ከሆነች በሩ ላይ የሚቆም ሰው ያንኳኳል፣ ይመለሳል። ጠጋኙ የሰጣት የባትሪ መሙያ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቴስተሩ ጎን፣ ከነመጠቅለያው ተቀምጧል። ባትሪው እስካሁን አልተገጠመም።